ከሐዲድ ወደ አገረ ገዥነት፦ ስለ ፐርሲ ጂሩዋር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ስለ ሱዳን ምድር ባቡር ሳነብ ፐርሲ ጂሩዋር የሚባል ካናዳዊ መሐንዲስ አገኘሁ። በረሃ ላይ ሐዲድ የዘረጋው ይህ ሰው በኋላ ሰሜን ናይጄሪያንና ኬንያን እንደ ገዛ ተጽፏል። የባቡር መሐንዲስ እንዴት ገዥ ይሆናል? ሙያው ለፖለቲካው ረዳው ወይስ ጎዳው? የፓርላማ አባልም ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው?»

ምላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለ ጂሩዋር በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙም ስለማይገኝ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። የአድዋን ቀን ካልሆነ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጂሩዋር ወደ ፖለቲካ የገባው ሙያውን ትቶ አይደለም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የአፍሪካ ግዛቶች መንግሥት የሚባለው ነገር በአብዛኛው በሐዲዱ ላይ የቆመ ነበር። ጦር የሚንቀሳቀሰው፣ ለውጭ ገበያ የሚሆን ምርት የሚጓዘው፣ ነጭ ሰፋሪ የሚመጣው በባቡር ነው። ሐዲዱን የያዘ ሰው አገሩን ለመያዝ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ ሙያው እስከ ገዥነት ወንበር አደረሰው። ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን በምድረ በዳ የተማረውን አሠራር ሰው በሚኖርበት ምድር ላይ ሠራበት፤ ዋጋውን የከፈሉት ማሳዮች የተባሉት የኬንያ ከብት አርቢዎች ናቸው። ፍርዴ ይህ ነው፤ ምክንያቴን ከሕይወት ታሪኩ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

ጂሩዋር የተወለደው በጃንዋሪ 26 ቀን 1867 ሞንትሪያል ውስጥ ነው። አባቱ ዴዚሬ ጂሩዋር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሕግ ሰውና ፖለቲከኛ ሲሆኑ እናቱ የአየርላንድ ዘር ነበሩ። ኪንግስተን ከሚገኘው የካናዳ ንጉሣዊ የጦር ኮሌጅ በ1886 ተመርቆ ሁለት ዓመት ያህል በካናዲያን ፓሲፊክ ባቡር በምሕንድስና ሠራ። ይህ ቦታ ለእሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር ብዬ አምናለሁ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት በ1871 ካናዳን የተቀላቀለችው ከምሥራቁ ጋር የሚያገናኛት ባቡር እንዲሠራላት ቃል ተገብቶላት ነው፤ የመስመሩ የመጨረሻ ሚስማር የተመታውም በ1885 መጨረሻ፣ ጂሩዋር ሥራ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አንድ አገር በሐዲድ ሲሰፋ በወጣትነቱ ተመልክቷል። በ1888 በእንግሊዝ ጦር የንጉሣዊ መሐንዲሶች ክፍል መኮንንነት አገኘ፤ ከ1890 ጀምሮም ለንደን አጠገብ ዉሊች በሚገኘው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ባቡር ትራፊክ ይመራ ነበር። ሥራው ስም የሚያስገኝ አልነበረም፤ ባቡር መመደብን፣ ጭነት ማሰለፍን፣ ሰዓት መጠበቅን ግን አስተምሮታል።

ወደ አፍሪካ ያመጣው ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ ማርች 1 ቀን 1896፣ የኢጣሊያ ጦር አድዋ ላይ ተደመሰሰ። ያን ጊዜ የምሥራቅ ሱዳን ከተማ ከሰላ በኢጣሊያኖች እጅ ነበረች፤ ደርቡሾችም ከበው ያስጨንቋት ነበር። የድሉ ዜና አውሮፓ ከደረሰ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የለንደን ካቢኔ በእንግሊዞች የሚታዘዘው የግብፅ ጦር ናይልን ይዞ ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት ወሰነ። አንዱ ምክንያት በከሰላ ያሉትን ኢጣሊያኖች ጫና ለማቃለል ነበር፤ ከዚያ ጀርባ የናይልን ሸለቆ ለፈረንሳይ ያለመተው ፍላጎት ነበር። የዘመቻው አዛዥ ኸርበርት ኪችነር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ባቡር ነበርና ወጣቱን ጂሩዋርን አስመጣው። የአድዋን ድል ስናወሳ በሱዳን ላይ ያስከተለውን ይህን ነገር ብዙ ጊዜ ሳናነሳው እናልፋለን።

የመጀመሪያው ሥራ ከዋዲ ሃልፋ በናይል ዳር ወደ ደቡብ የሚሄደውን አሮጌ መስመር ማደስ ነበር። ደርቡሾች አብዛኛውን ነቅለውታል፣ አግዳሚ እንጨቱንም ወስደውታል። በ1896 ክረምት ከሰማይ የወረደ ድንገተኛ ጎርፍ የታደሰውን ሐዲድ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርቀት ጠርጎ ሲወስደው በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰልፈው በጥቂት ቀናት መልሰው ዘረጉት። ሐዲዱን በክንዳቸው የዘረጉት የግብፅ ገበሬዎች፣ ወታደሮች፣ እስረኞችና የተማረኩ ደርቡሾች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። የጂሩዋር ስም በመጻሕፍት ተጽፎ ሲኖር የእነሱ አልተጻፈም።

ትልቁ ሥራ ግን በ1897 ነው። ናይል ከአቡ ሐመድ እስከ ዋዲ ሃልፋ ድረስ ወደ ምዕራብ ዞሮ ትልቅ ቀስት ይሠራል፤ በዚህ ቀስት ላይ ጀልባ የሚያግዱ ፏፏቴዎች ተደርድረዋል። ኪችነር ቀስቱን ትቶ በኑብያ በረሃ በቀጥታ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ እንዲዘረጋ አሰበ። ውኃ የለም፣ ቅየሳ አልተደረገም፣ የመስመሩ መጨረሻ አቡ ሐመድም በጠላት እጅ ናት። ብዙ አዋቂዎች አይሆንም አሉ፤ ጂሩዋር ይሆናል አለ።

ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ የችግሩን ልክ እንዲረዳው ትንሽ ላብራራ። የዚያ ዘመን ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ነው፤ ውኃ ካላገኘ ይቆማል። በረሃ ላይ ሐዲድ የሚዘረጋ ባቡር ደግሞ ሐዲዱንና አግዳሚውን፣ ሠራተኛውንና የሠራተኛውን እህል፣ የሰውንና የራሱን ውኃ ሁሉ ራሱ ይጭናል። የሐዲዱ ጫፍ በራቀ ቁጥር ባቡሩ ከጫነው ውስጥ ለራሱ የሚጠጣው እየበዛ፣ ለሥራው የሚተርፈው እያነሰ ይሄዳል። በአንድ ቦታ ላይ ስሌቱ ዜሮ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ሐዲድ ማድረስ አይቻልም። የጂሩዋር ብልሃት ይህን ስሌት ሥራው ሳይጀመር በወረቀት ላይ መጨረሱ ነው። በዋዲ ሃልፋ ቁጭ ብሎ በየቀኑ ስንት ባቡር፣ ስንት ሐዲድ፣ ስንት ጋን ውኃ እንደሚወጣ ዘርዝሮ አስቀመጠ። ጉድጓድ ሲቆፈር ከመነሻው በ124 እና በ203 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውኃ ተገኘ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዝርዝር አይበቃም ነበር። በየመንገዱ የሚጠራበት ከተማ ስላልነበረ ጣቢያዎቹ በቁጥር ተሰየሙ፣ ዛሬም በቁጥር ይጠራሉ።

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተደረገ፤ የደቡብ አፍሪካ ባቡሮች ስፋት ነው። ሎኮሞቲቭ በጠፋበት ሰዓት ጂሩዋር እንግሊዝ አገር ሄዶ ለደቡብ አፍሪካ ታስበው የነበሩ ከባድ ሎኮሞቲቮችን በደቡብ አፍሪካ ከነበረው እንግሊዛዊ ባለሀብትና ፖለቲከኛ ከሲሲል ሮድስ መዋስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሱዳን ዋና መስመር ስፋት እስካሁን ያው ነው። አንድ መኮንን በችኮላ ዘመን የወሰነው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ የአንድን አገር ባቡር ልክ ይወስናል። ባቡር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል።

ሥራው ሲፋጠን በአንዳንድ ቀን ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘረጋ። በኦገስት 1897 አቡ ሐመድ በጦር ተያዘች፤ ሐዲዱ በኦክቶበር 31 ደረሰባት፤ በ1898 ክረምት ደግሞ አትባራ ገባ። በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን ላይ ከ10,000 በላይ የደርቡሾች መሪ የኸሊፋው ተዋጊዎች በአንድ ቀን አለቁ፤ ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። እነዚያን መድፎችና መትረየሶች እዚያ ያደረሰው ባቡሩ ነው። ይህ ሲሆን ዐፄ ምኒልክ ሁኔታውን በቅርብ ይከታተሉ ነበር። እንግሊዞች በ1897 ዲፕሎማቱን ሬኔል ሮድን አዲስ አበባ ልከው የጦር መሣሪያ በምኒልክ ግዛት አልፎ ወደ ደርቡሾች እንዳይሄድ ከዐፄው ጋር ተዋውለዋል፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደው የመሩት ጦር ደግሞ በ1898 ነጭ ናይል ዳር ድረስ ዘልቋል። የእኛው የጅቡቲ መስመር ሥራ የተጀመረውም ያው የጂሩዋር ሐዲድ አቡ ሐመድ በገባበት ወር፣ በኦክቶበር 1897 ነው። ግን የእኛው አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ቆየ። የመንግሥት ጦር ገንዘቡንና ሰውን ሳይሰስት የሚሠራው መስመርና ውል የያዘ ኩባንያ ባለአክሲዮን እየለመነ የሚሠራው መስመር በፍጥነት አይወዳደሩም።

ከዚህ በኋላ ጂሩዋር በ30 ዓመት ዕድሜው ገደማ የግብፅ ባቡር ቦርድ ኃላፊ ሆነ። በ1899 እንግሊዞች ቦር ከሚባሉት የሆላንድ ዘር ሰፋሪዎች ጋር የተዋጉበት የቦር ጦርነት ሲነሣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ የጦሩ የባቡር ዳይሬክተር ሆነ። የባቡር ሰዎች ይበልጥ የምናከብረው እዚህ የሠራውን ነው፤ ሕዝብ ግን እምብዛም አያውቀውም። ቦሮች ሲያፈገፍጉ በኦሬንጅ ወንዝ ላይ ያሉትን ትልልቅ ድልድዮች አፈነዱ። ጂሩዋር የፈረሰውን ድልድይ እስኪጠግን ጦሩን አላቆመም፤ በጎን በኩል ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ የሚሻገር ጊዜያዊ መስመር እያሠራ ባቡሩን አሳለፈ። ከዚህም የሚበልጠው የአስተዳደር ሥርዓቱ ነው። በጦርነት ጊዜ እያንዳንዱ ጄኔራል የደረሰበትን ጣቢያ ኃላፊ እያዘዘ ፉርጎውን ይይዛል፣ የተጫነውንም ሳያራግፍ እንደ መጋዘን ያቆመዋል፤ በሦስተኛው ቀን መስመሩ ሁሉ ይዘጋል። ጂሩዋር በአዛዦቹና በባቡር ሠራተኞቹ መካከል የሚቆሙ መኮንኖችን መደበና ማንኛውም ትእዛዝ በእነሱ በኩል ብቻ እንዲያልፍ አደረገ። ጄኔራሉ የፈለገውን ይጠይቃል፤ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን የባቡር ሰው ነው። በ1900 የሰርነት ማዕረግ አገኘ።

ሰላም ሲወርድ የትራንስቫልና የኦሬንጅ ሪቨር ቅኝ ግዛት ባቡሮች ኮሚሽነር ሆነ፤ እዚያ ግን ብዙ አልቆየም። በጦርነት ጊዜ ትእዛዝ ይበቃ ነበር። በሰላም ጊዜ ስለ ጭነት ዋጋ የሚጮህ ነጋዴና የማዕድን ባለቤት አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ ምክር ቤት አለ። ነቀፌታው በዛበትና በ1904 ለቀቀ። እኔ ይህን የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ደወል አድርጌ አየዋለሁ፤ የሚቃወመውን ሰው በንግግር ማሸነፍ አልለመደም።

በ1907 የቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ሎርድ ሉጋርድ የለቀቀውን ሰሜን ናይጄሪያን ሰጠው፤ መጀመሪያ በከፍተኛ ኮሚሽነርነት፣ ከዓመት በኋላ በገዥነት። በሚኒስቴሩ ምክትል ሆኖ ይሠራ የነበረው ዊንስተን ቸርችል ነው፤ ከኪችነር ጦር ጋር ኦምዱርማን የዘመተ፣ ስለ ዘመቻው በጻፈውም ውስጥ ለበረሃው ሐዲድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠ ሰው። ሹመቱ የተሰጠው ለባቡር ነው። ከናይል በረሃ የመጣው መሐንዲስ ከኒጀር ወንዝ ወደብ ከባሮ ተነሥቶ እስከ ካኖ የሚደርስ መስመር በጥቂት ገንዘብ እንዲሠራ ይፈለግ ነበር፤ ሐዲዱ በ1911 ካኖ ገባ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሚጠብቁት ጥጥ ነበር። የሐውሳ ገበሬና ነጋዴ ግን የራሱን ሒሳብ ሠርቶ ኦቾሎኒ አወጣ፤ በ1912 ካኖ ጣቢያ ላይ የኦቾሎኒ ከረጢት ተቆለለ። መሐንዲሱ ሐዲዱን ይዘረጋል፤ በላዩ ምን እንደሚጫን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

በናይጄሪያ የሠራውን አንድ ነገር ግን ላመሰግነው እወዳለሁ። መሬት በሽያጭ ለውጭ ሰው እንዳይተላለፍ አጥብቆ ተከራከረ። በ1908 ለንደን ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ኮሚቴ ተሰየመ፤ በ1910 የወጣው አዋጅም የሰሜን ናይጄሪያን መሬት በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ለአገሬው ሰው ጥቅም የሚጠበቅ አደረገው። ከዚህ ሐሳብ ጀርባ የባቡር ሰው ስሌት ነበረ፦ ሐዲድ ሲመጣ የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ ያ ትርፍ ቀድሞ መሬት ለገዛ ደላላ ኪስ እንዳይገባ። አሚር የሚባሉትን የአገሬውን ሙስሊም ገዥዎች ሥልጣንም አልነካም። ሰሜን ናይጄሪያ የሰፋሪ አገር ሳትሆን የቀረችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው የአየሩ ሙቀትና ወባው ነው።

ታዲያ ይህ ሰው በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ወደ ዛሬዋ ኬንያ ሲዛወር መሬት ከአገሬው ሰው ነጥቆ ለሰፋሪ የሚሰጥ ገዥ እንዴት ሆነ? ጥያቄህ ውስጥ ያለው ከባዱ ነገር ይህ ነው። በናይጄሪያ ያ መሬት በባለቤቱ እጅ ሲቆይ መስመሩ ጭነት ያገኛል፤ ገበሬው ራሱ አምራች ነውና። በምሥራቅ አፍሪካ ግን እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ባቡር ሠርተው በ1901 ጨርሰዋል፤ ወጪውን የሚመልስ ጭነት አልነበረም። የተገኘው መልስ ነጭ ገበሬ አምጥቶ በመስመሩ ዳርና ዳር ማስፈር ነው። ጂሩዋር ሲመጣ የግዛቱ በጀት በለንደን ድጎማ ይቆም ነበር፤ ይህን ድጎማ ማስቀረት ዋና ዓላማው ሆነ፣ በ1912ም ቀረ። ከናይሮቢ ወደ ቲካ ቅርንጫፍ መስመር ለማሠራት ለንደን ባቡር ብሎ አልፈቅድም ሲለው «ትራም» ብሎ አስፈቀደው። ስሌቱ እንደ ሃልፋው ነው፦ መስመሩ እንዲኖር የሚያስፈልገው ሁሉ ይቅረብ፣ የሚያደናቅፈው ሁሉ ይነሣ።

የሚያደናቅፉት ማሳዮች ነበሩ። በ1904 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ከስምጥ ሸለቆው ግጦሻቸው ተነሥተው በደቡብና በላይኪፒያ ሁለት ክልሎች እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ውሉ ራሱ ከባቡሩ መስመር ርቀው እንዲኖሩ ይላል፤ ስምምነቱም ማሳይ የሚባል ዘር እስካለ ድረስ እንዲጸና ተጽፏል። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ሰፋሪዎች ላይኪፒያን ፈለጉ፤ ውኃ ያለው፣ ለምለም፣ ከፍ ያለ አገር ነው። ጂሩዋር ማሳዮችን በአንድ ክልል ማሰባሰብ ለራሳቸው ይበጃል እያለ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ገፋ። ለንደን በ1910 ማዛወሩን አስቆመች። በማርች 1911 የእንግሊዞች ወዳጅ የነበረው የማሳይ መሪ ሌናና ሞተ፤ ሲሞትም ሕዝቡ ወደ ደቡብ እንዲሄድ ተናዘዘ ተባለ። በሚቀጥለው ወር አዲስ ውል ተፈረመ። የሰሜኑ ማሳዮች መሪ ሌጋሊሾ አልፈልግም ሲል ቆይቶ በጫና ፈረመ።

ከዚያም 10,000 ያህል ሰው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ከብትና ከዚያ እጅግ የሚበዛ በግ በማው ተራራ በኩል ወደ ደቡብ ተነዳ። የባቡር ፉርጎን በሰዓትና በቁጥር ማሰለፍ የሚያውቅ ሰው ያዘዘው ጉዞ በዝናብና በብርድ መካከል ተጨናንቆ ቆመ፤ ከብት አለቀ፣ ሰውም ሞተ። በበረሃው ሐዲድ ጊዜ በየማይሉ ውኃ ያሰበ መሐንዲስ ለዚህ ሕዝብ መንገድ ይህን ያህል አላሰበም። ጎበዝ መሐንዲስ እንደነበረ ከላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ችሎታው ነበረው፣ ለማሳዮች ግን አላዋለውም። እዚህ ላይ ነው ምንም ሰበብ የማልቀበለው።

ጂሩዋር ራሱ የማዛወሩን ፍጻሜ በወንበሩ ላይ ሆኖ አላየም። በላይኪፒያ መሬት ለሰፋሪ ቃል አልተገባም ብሎ ለለንደን አስታውቆ ነበር፤ በኋላ ቃል መገባቱን የሚያሳይ ነገር ወጣ። ከቅኝ ግዛቶች ሚኒስትሩ ሉዊስ ሃርኮርት ጋር ተቃቅሮ በ1912 ለቀቀ። ማዛወሩ ግን ቀጠለ፣ በ1913 ተፈጸመ። ማሳዮች በዚያው ዓመት ጠበቃ ገዝተው ሞምባሳ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል እንደተደረገ ስምምነት ስለሚቆጠር እኔ ላየው አልችልም ብሎ ክሱን ዘጋ፤ ይግባኙም አልሆነላቸውም። መሬት ሲወሰድባቸው እንደ ተገዥ፣ ፍትሕ ሲጠይቁ እንደ ባዕድ መንግሥት ተቆጠሩ። ቁስሉ አልዳነም፤ የ1904ቱ ውል መቶ ዓመት በሞላበት በ2004 ማሳዮች መሬታችን ይመለስ ብለው አደባባይ ወጥተዋል።

የቀረው ሕይወቱ ለጥያቄህ ብዙም አይጨምርም። ከገዥነት ሲወጣ አርምስትሮንግ ዊትዎርዝ የተባለው የመሣሪያና የመርከብ ኩባንያ ዳይሬክተር ሆነ። በ1915 የጦር ግንባሩ ጥይት ሲያጥረው ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ በአዲሱ የጦር መሣሪያ ሚኒስቴር የአቅርቦት ዋና ዳይሬክተር አድርጎ ሾመው፤ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተነሣ። ለንደን ውስጥ ያለው ፖለቲካ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቁበት ሰዎች ሜዳ ነበር። በሴፕቴምበር 26 ቀን 1932 ለንደን ውስጥ ሞተ።

የፓርላማውን ነገር በተመለከተ፣ ስህተት ነው። ፐርሲ ጂሩዋር በምርጫ ተወዳድሮ የያዘው ሥልጣን አንድም የለም፤ ሁሉንም በሹመት ነው ያገኘው። የፓርላማ አባል የነበሩት አባቱ ዴዚሬ ናቸው፤ እሳቸውም በካናዳ ፓርላማ ከ1878 እስከ 1895 የዣክ ካርቲዬ ወረዳን ወክለው ተቀምጠው በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነዋል። «ጂሩዋር» የሚል ስም ብቻ ይዘህ ስትፈልግ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉብህ የልደቱን ዓመት፣ 1867ን፣ አብረህ ተመልከት።